በምን አረጋገጥከው?

ፋኑ ይዞራል። መብራቱ ይበራል። ዲስፕሌይ የለም። ኮምፒውተር ጥገና ቤት የሚውል ሰው ይህን በየቀኑ ይሰማል። ይህኛው ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ማሽኑን ያመጣችው አርክቴክቸር የጨረሰች ልጅ ናት። ቤቷ ሆና ሬንደር ትሠራለች። ላፕቶፗ አልችል ሲላት ዕቃውን አንድ በአንድ ሰብስባ ራሷ ገጠመችው። ፕሮሰሰሩን አክስቷ ከአሜሪካ ይዛላት መጣች፤ ራይዘን 5 5600 ነው። ማዘርቦርዱን (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ዋና ቦርድ) እዚሁ አዲስ አበባ አገኘችው፤ ኤምኤስአይ ቢ450 ቶማሆክ ማክስ፣ ሣጥኑ ያልተከፈተ። ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ነው፣ ከጓደኛዋ የገዛችው።

እኛ አገር ማሽን የሚገጠመው እንዲህ ነው። አንዱ ዕቃ በዘመድ ሻንጣ፣ አንዱ ከዱባይ በሰው እጅ፣ አንዱ ከሱቅ። ስለዚህ አንዱ ሞተ ከተባለ የሚመለስበት ቦታ የለም። ዋራንቲ ቢኖርም ባሕር ማዶ ነው። አክስት እንደገና እስክትመጣ መጠበቅ ነው፣ ወይም እዚህ በእጥፍ መግዛት። አንድ ባለሙያ አፉን ሞልቶ «ሞቷል» ሲል ይህን ሁሉ ማሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ።

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት እዚሁ ሕንፃ ላይ ያለ ሌላ ቴክኒሻን ጋ ወስዳው ነበር። ስሙ ይቅር።

«ማን ገጠመው?» አላት።

«እኔ።»

ከዚያ በኋላ ምርመራ የሚባል ነገር አልነበረም። ራሙን አውጥቶ ሌላ ራም ሞከረ፤ አልሠራም። «ማዘርቦርዱን አቃጥለሽዋል፤ ፕሮሰሰሩንም ሳትነኪው አትቀሪም» አላት። ወዲያው ደግሞ ሌላ ማዘርቦርድ ላምጣልሽ ብሎ ዋጋውን ነገራት፤ የተቃጠለውን ለስፔር በትንሽ ብር እንደሚወስድላት ጨመረ። ልጅቷ «ላስብበት» ብላ ይዛው ወጣች። ጎበዝ ናት።

ይህን ስትነግረኝ ሁለት እጇ ኬዙ ላይ ነው፤ ልነጥቃት የተነሣሁ ይመስል።

«ጋሼ፣ እውነት እኔ ነኝ ያቃጠልኩት?»

«ሳላየው ምን ብዬ ልንገርሽ? ወንበር ሳቢና አብረን እንየው።»

ከፈትነው። እውነቱን ለመናገር ከብዙ ሱቅ የተሻለ ገጥማዋለች። ገመዱ ከኋላ አልፎ በሥርዓት ታስሯል። ከማዘርቦርዱ ሥር ያሉት ብሎን መቀመጫዎች ልክ ቦታቸው ላይ ናቸው። ብዙ ሰው የሚረሳው የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ፓወር ተሰክቷል። የሞኒተሩ ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ማዘርቦርዱ ላይ ቢሰካ ኖሮ ጥቁር ስክሪን ነበር የሚታየው። ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ናቸው፤ የማዘርቦርዱ መመሪያ መጽሐፍ እንደሚለው። ቴስተሬን አምጥቼ ፓወር ሰፕላዩን ለካሁ። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3። ሁሉም ልክ ነው።

የቀረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ናት። አራት ናቸው፤ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ራም፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ ካርዱ)፣ ቡት (ማስነሻ ዲስኩ)። ማሽኑ ሲነሣ ቦርዱ በየተራ ይፈትሻቸውና ያልተሳካለት ላይ መብራቷ በርታ ትቀራለች። የእሷ የቆመችው ሲፒዩ ላይ ነው። መብራቷ ሲፒዩ ላይ ቆማ ራም መቀያየር ማለት ሆዱን ለታመመ ሰው ጥርሱን ማየት ነው።

ፕሮሰሰሩን አወጣነው። ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት የሚገባ ፕሮሰሰር ከሥሩ 1331 ፒን አለው፤ አንዷ ከታጠፈች ነገር ይበላሻል። በስልክ መብራት ከጎን እያየን ረድፍ በረድፍ አለፍናቸው። አንድም የታጠፈ የለም። የመቃጠል ሽታ የለም፣ የጠቆረ ቦታ የለም፣ ያበጠ ካፓሲተር የለም።

«የማዘርቦርዱን ሣጥን ጥለሽዋል?»

«ኧረ ቤት አለ።»

ወንድሟ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከልን። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው «ለራይዘን 3000 ዝግጁ» ይላል። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ። ቢ450 በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ቺፕሴት (ቦርዱ የተሠራበት ዋና ቺፕ) ነው። 5000ዎቹ ራይዘኖች መውጣት የጀመሩት በኅዳር 2020 ነው፤ የእሷ 5600 ደግሞ በ2022። ሶኬቱ አንድ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ጥርግ ብሎ ይገባል። ነገር ግን ቦርዱ ሱቅ ውስጥ ሣጥኑ ሳይከፈት ስለኖረ ባዮሱ (ቦርዱ ላይ የተጫነው፣ ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) አሮጌ ነው፤ ይህን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ስለማያውቀው አያስነሣውም። ፕሮሰሰሩም ጤነኛ፣ ቦርዱም ጤነኛ።

እንደ ብዙዎቹ ቦርዶች ቢሆን አሮጌ ፕሮሰሰር ፈልጎ፣ በእሱ አስነሥቶ፣ ባዮሱን ማሳደስ ያስፈልግ ነበር። ቶማሆክ ማክስ ግን ከኋላው ለዚህ ሥራ የተሠራ ቁልፍ አለው። ፕሮሰሰርም ራምም ሳይኖር በፍላሽ ብቻ ባዮሱን ይጭናል። ፋይሉን ከኩባንያው ድረ ገጽ አወረድኩ፣ ፍላሹን ፋት32 አድርጌ ፎርማት አደረግኩ፣ የፋይሉን ስም ቁልፉ በሚፈልገው ስም ቀየርኩ። ማሽኑን ዩፒኤስ ላይ ሰካሁት። በመሃል መብራት ቢሄድ በዚሁ ቁልፍ እንደገና መሞከር ይቻላል፤ ቢሆንም የሰው ዕቃ ላይ ዕድሌን አልሞክርም።

«ተጫኚው» አልኳት።

«እኔ?»

«የገጠምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ተጫነችው። ቁልፉ አጠገብ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ልጅቷ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። መብራቷ ስትቆም ፕሮሰሰሩን መልሰን አስነሣነው። የኤምኤስአይ ምልክት የሆነው የዘንዶው ምስል ስክሪኑ ላይ መጣ። ባዮስ ውስጥ ገብታ የፕሮሰሰሩን ስም ጮክ ብላ አነበበችው። ራሙ 3200 ሆኖ ሳለ በ2133 እየሠራ ስለነበር ኤክስኤምፒውን (ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራውን ምርጫ) እንዴት እንደምታበራ አሳየኋት። የሠራሁበትን ተቀበልኳት፤ እንደማንኛውም ጥገና። ይዛ ሄደች።

ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ያ ሰውዬ መጣ። ሰምቷል።

«ተነሣ እንዴ?»

«ተነሣ።»

«ምን ነበር?»

«ባዮሱ አሮጌ ነው። አንተ ግን መቃጠሉን በምን አረጋገጥከው?»

«ወንድሜ፣ በዚህ ሥራ ስንት ዓመቴ ነው? ሳየው አውቀዋለሁ።»

«መብራቷ ሲፒዩ ላይ እንደቆመች አይተሃል?»

«ራሷ ገጥማው ነው ስትለኝ ሌላ ምን ልይ?»

«እሺ። የተቃጠለ ነው ካልክ ቦርዱን ለምን ልትገዛው ፈለግህ?»

ስልኩን አወጣና ማየት ጀመረ። «ለስፔር ነዋ» አለኝ። ከዚያ ደህና እደር ብሎ ወጣ።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ መልስ ነው። ከተቃጠለ ቦርድ ስፔር ይወጣል፤ እኔም አውጥቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌባ ነው ማለት አልችልም። በውስጡ የነበረውን እግዜር ያውቃል። ግን ደጋግሜ ሳስበው በየትኛውም በኩል አላምር አለኝ። ሳያውቅ ከሆነ ሳይለካ ፈርዶባታል፣ ለዚያውም የገጠመችው ሴት ልጅ ስለሆነች ብቻ። አውቆ ከሆነ ጤነኛ ቦርድ በስፔር ዋጋ ሊወስድባት ነበር። በሁለቱም መንገድ ብሩ የሚወጣው ከእሷ ኪስ ነው። ከብሩ በላይ ደግሞ ልጅቷ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» እያለች ሁለተኛ ብሎን መፍቻ ሳትነካ ትኖር ነበር።

ከዚያ በኋላ «ለደንበኛ ሁሉንም እያሳየህ ገበያ ታበላሻለህ» እንደሚለኝ ሰማሁ። ከገቢ አንጻር ልክ ነው። ልጅቷ እኔ ጋ ለጥገና ተመልሳ አልመጣችም። ለጓደኞቿ ራሷ ትገጥማለች፤ ሲቸግራት ፎቶ ትልክልኛለች፣ እመልስላታለሁ፣ አላስከፍላትም። እነዚያ ማሽኖች ድሮ ቢሆን እኔ ጋ ነበር የሚመጡት። ሱቅ ኪራይ ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ነገም ግን ወንበር ሳቢና እንየው ነው የምለው።

ያን ቀን ስትወጣ የነገርኳትን አሁን ለሚመጣው ሁሉ እናገራለሁ። «ዕቃሽ ሞቷል» ያለሽን ሰው በምን እንዳረጋገጠ ጠይቂው፤ ቴስተሩን አውጥቶ ያሳይሽ፣ ወይም ዕቃሽን ሌላ ማሽን ላይ ገጥሞ ያሳይሽ። ሞተ የተባለውን ዕቃም እዚያ ትተሽ አትውጪ፤ ያንቺ ነው።

ከሰውዬው ጋር አልተጣላንም። ቡና እንጠጣለን፣ ሰላም እንባባላለን። ሥራ ሲበዛብኝ ግን ደንበኛ ወደ እሱ መላክ ትቻለሁ።