ኮምጣጣው አየር

ዛሬ ማታ ልጄን ኬሚስትሪ ላስጠና ቁጭ ብዬ ራሴ ተማሪ ሆንኩ። ጀርመን ስንት ዓመት ኖሬ «ዛወርሽቶፍ» የሚለውን የኦክስጅን ስም ፈታትቼ አይቼው አላውቅም! «ዛወር» ኮምጣጣ፣ «ሽቶፍ» ቁስ። የምንተነፍሰው ኮምጣጣ ነው እንዴ?

ጥፋቱ የፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬ ነው። አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለበት ብሎ ስላመነ፣ ከግሪክኛ ቃላት «አሲድ ወላጅ» የሚል ስም አወጣለት። ጀርመኖቹ ሐሳቡን በራሳቸው ቃል ተረጎሙት። በ1810 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኬሚስት ዴቪ ተሳስቷል አለ። እውነትም፣ እዚሁ ጨጓራችን ውስጥ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ ኦክስጅን የለውም። ስሙ ግን ወይ ፍንክች!

ናይትሮጅን ደግሞ «ሽቲክሽቶፍ»፣ አፋኝ ቁስ። ሻማ ብታስገቡበት ድርግም ይላላ።

ልጄ መጽሐፏ ላይ የአየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው የሚለውን በጣቷ ይዛ «እማ፣ አየሩ አብዛኛው አፋኝ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ።