ዳገቱን በእግሬ፣ ቁልቁለቱን በባጃጅ

ጎንደር ላይ የታመመ ሰው ምክር አያጣም። ጣቶቼ ማበጥ ሲጀምሩ ጎረቤቶቼ ከሐኪም ቀድመው መርምረውኛል። አንዷ «ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቢ» አለችኝ። ሌላው «ሪህ ነው፣ ጥሬ ሥጋ ተዪ» አለኝ። እኔ ጥሬ ሥጋ ብቀምስ በዓመት አንዴ፣ እሱም ለፋሲካ ነው! ሐኪሙ ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አለ። የሰውነት መከላከያ ጀርም መዋጋቱን ትቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝን እኩል ነው የሚይዘው። እኔን ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቼን፣ የጣቶቼን ሥርና የእግር ጣቶቼን ነው የያዘኝ።

ከምክሩ ሁሉ የማልቀበለው «አረፍ በይ» የሚለውን ነው። በክፋት የሚለው የለም። ያበጠና የሚያተኩስ መገጣጠሚያ ካለ እሱን አሳርፈዋለሁ። ሙሉ ቀን ቁጭ ያልኩ እንደሆነ ግን በማግስቱ ከአልጋ የሚያወርደኝ ሰው ልፈልግ ነው።

ፈተናዬ ጠዋት ነው። በዚህ በሽታ ከእንቅልፍ ሲነሱ መገጣጠሚያ ይተሳሰራል፤ ሳይፈታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይም ይችላል። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ክፍል የምገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ሻይ ጥጄ ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌ እቆያለሁ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ላይ አድርጌ እጄን እነክራለሁ። ጣቶቼን ቀስ እያልኩ እዘረጋለሁ፣ አጥፋለሁ። መጀመሪያ ላይ አውራ ጣቴ ትንሿ ጣቴ ጋ አይደርስም። የደረሰ እንደሆነ ጠመኔ መያዝ እችላለሁ ማለት ነው።

ጠመኔ ቀጭን ስለሆነ መቆንጠጡ ያመኛል። ጨርቅ ጠምጥሜ በፕላስተር አወፍረዋለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እኛ እንጻፍልዎት» ይሉኛል። እሺ የምልበት ቀን አለ። ባለፈው የጻፈልኝ ልጅ ግን ሰባቱን ሁሉ አንድ አስመስሎ ክፍሉን በሙሉ አሳሳተብኝ።

ቤት ውስጥ ቡና የምትወቅጥልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ማፍላቱን ግን ለማንም አልሰጥም። ጀበናዋን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ መቅዳት ቀርቷል፤ በሌላው እጄ ከሥር በጨርቅ ደግፌ እቀዳለሁ። ረከቦቱ ላይ ትንሽ ቢንጠባጠብ የሚቆጣኝ የለም።

መንገዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ዳገት ትንፋሽ ይፈልጋል እንጂ እግሬን ብዙም አያስከፋውም። ቁልቁለት ግን ጣቶቼን ወደ ጫማው ጫፍ ይገፋብኛል። ስለዚህ ወደ ቅዳሜ ገበያ በባጃጅ ወርጄ ወደ ፒያሳ በእግሬ እወጣለሁ። ባጃጅ ነጂው «ሰው ሁሉ እኮ የሚሳፈረው ለዳገቱ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ሽንኩርቱንም በፌስታል አልይዝም፣ ጣት ይቆርጣል፤ እንደ ተማሪ በጀርባ ቦርሳ አዝዬው ነው የምወጣው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ፋሲል መዋኛ አካባቢ ዛፍ ሥር ዛፍ ሥሩን እሄዳለሁ።

መድኃኒቴ ሜቶትሬክሴት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን አስምሩበት፤ ተሳስቶ በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። እኔ አርብ ማታ እውጣለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቢያቅለሸልሸኝም ትምህርት የለም። የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት የሚቀንሰውን ቪታሚን፣ ፎሊክ አሲዱን፣ በሌላ ቀን እወስዳለሁ። የጉበትና የደም ምርመራ በየጊዜው አለብኝ። ጽንስን ስለሚጎዳ፣ ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ዲክሎፈናክ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት የሚውጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ሕመሙን ያስታግሳል፤ መገጣጠሚያውን ከመበላሸት ግን አያድንም። ጨጓራም ይልጣል።

መድኃኒቱ ጉበት ላይ ስለሚከብድ ጠላም አረቄም ትቻለሁ። ድግስ ላይ ይህን ማስረዳት ከበሽታው ይብሳል። «በሞቴ» ከተባለ በኋላ ስለ ጉበት ማን ይሰማል? ስለዚህ ብርጭቆዬን በብርዝ አስሞልቼ እቀመጣለሁ፤ አልኮል እንደሌለው የማውቀው እኔና የቀዳችልኝ ልጅ ብቻ ነን።

ድግስ ከተነሳ ዘንድ፣ እስክስታ አልተውኩም። ትከሻዬን በሽታው እስካሁን አልደረሰበትም። የተያዘበት ሰው እንደኔ አያድርግ፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። በቅርቡ የዘመዳችን ሠርግ ላይ ማሲንቆው ሲሞቅ ተነሳሁ። አክስቴ ዓይኗን አፍጥጣ «ታማለች ስትሉኝ አልነበር እንዴ?» አለች።

«የታመመው እጄ ነው» አልኳት። «ጭብጨባውን አንቺ ያዢልኝ።»

ያዘችልኝ። እልልታውንም ጨመረችበት።