ቡራታ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው አይበላም

ቡራታ የሚባለውን፣ ውስጡ ክሬም ያለበትን የጣሊያን አይብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረብኩ ቀን እንግዶቼ ትንሽ ቀመስ አድርገው ተዉት። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም አልጣመኝም። ሽፋኑ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ውስጡ ያለው ክሬም ደግሞ እንደ ቅቤ ተጋግሯል። «ያን ያህል ያወራሽለት ይሄ ነው?» አለችኝ ታላቅ እህቴ። በጣም ከፋኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት በደንብ ተሠርቶ በልቼው ስለነበር ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ።

ጥፋቱ የአይቡ አልነበረም። ከፍሪጅ አወጣሁት፣ አብሮት የታሸገውን ውሃ ደፋሁ፣ ዝርግ ሳህን ላይ አስቀምጬ በቢላ ቆረጥኩት። በላዩ ላይ ባልሳሚክ አቼቶ አፈሰስኩበት። ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም ዛሬ አላደርገውም።

ነገሩ የገባኝ ቡራታ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅሁ በኋላ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሞዛሬላ የሚባለውን ነጭ ለስላሳ አይብ ይመስላል፤ ሽፋኑ በሞዛሬላ አሠራር የተሠራ ነውና። የረጋው ወተት በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ እየታሸና እየተሳበ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ከዚያ እንደ ትንሽ ከረጢት ተደርጎ በእጅ የተቀዳደደ ሞዛሬላና ክሬም ይሞላበትና አፉ ይቋጠራል። ጣሊያኖች ሙሊቱን ስትራቻቴላ ይሉታል። የተወለደው በደቡብ ጣሊያን፣ በፑሊያ፣ አንድሪያ በምትባል ከተማ አካባቢ ነው። የሞዛሬላ ቁርጥራጭና ክሬም እንዳይባክን ተብሎ የተፈጠረ ምግብ መሆኑን ስሰማ ይበልጥ ወደድኩት። ስሙም የመጣው «ቡሮ» ከሚለው ቃል ነው፤ ቅቤ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ቡራታ ዲ አንድሪያ» የሚለው ስያሜ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው።

እንግዲህ ውስጡ ክሬም ከሆነ ብርድ ምን እንደሚያደርገው ግልጽ ነው። ስቡ ይጠነክራል፣ መዓዛው ይታፈናል፣ ሽፋኑም ይደርቃል። ስለዚህ አሁን ከመብላታችን ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብዬ አወጣዋለሁ። ከነውሃው ነው የማወጣው፤ ሽፋኑ እንዳይደርቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከቸኮልኩ፣ ሳልከፍተው ከነማሸጊያው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ማይክሮዌቭ ግን በፍጹም! ሽፋኑ ቀልጦ እንደ ክር ይጎተታል፣ ክሬሙም ይፈሳል።

ሰዓቱ ሲደርስ በሰፊ ማንኪያ አውጥቼ ንጹሕ ፎጣ ላይ ለአንድ ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። አለበለዚያ ሳህኑ ውሃ በውሃ ይሆናል። ጎድጎድ ያለ ሳህን እመርጣለሁ፤ ክሬሙ ወጥቶ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። የምከፍተው ሁሉም ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ቢላ አላስነካውም፤ በሁለት ማንኪያ ከመሃል ቀስ ብዬ እከፍለዋለሁ። ያቺ ክሬሙ ቀስ እያለ የሚወጣባት ቅጽበት ግማሹ ደስታ ነች፤ ማንም እንዲያመልጠው አልፈልግም።

ጨው ላይ አትሰስቱ። ቡራታ በራሱ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ስለሆነ ያለ ጨው ወተት ወተት ብቻ ይላል። ጨዉን የተከፈተው ክሬም ላይ፣ ሊበላ ሲል እነሰንሳለሁ። ከዚያ ጥሩ የወይራ ዘይትና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፤ በቃ። አቼቶውን የተውኩት ኮምጣጣነቱ የወተቱን ጣዕም ስለሚውጠው ነው። ኮምጠጥ ያለ ነገር ካሻችሁ ቲማቲም ይበቃል። ቲማቲሙን ከ10 ደቂቃ በፊት ቆርጬ ጨው አደርግበታለሁ፤ የሚያወጣው ጭማቂ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ሌላ ስጎ አያስፈልግም። ቲማቲሙም ከፍሪጅ የወጣ ባይሆን ይመረጣል።

ለሞዛሬላም ሕጉ ያው ነው። በቢላ ከመቁረጥ በእጅ መቅደድ ይሻላል፤ ሻካራው ጎኑ ዘይቱን ይይዛል። ሪኮታ የሚባለው አይብ ግን ለየት ይላል። እሱ ከአጓት ነው የሚሠራው፤ አጓቱ እንደገና ስለሚሞቅ ስሙም «ዳግመኛ የበሰለ» ማለት ነው። ማር አፍስሼበት በዳቦ እበላዋለሁ።

ሌላም ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ቅናሽ አግኝቼ አራት ቡራታ ገዛሁ። ሁለቱን በልተን ቀሪዎቹን ለሌላ ቀን አስቀመጥኩ። ስከፍታቸው ክሬሙ ኮምጥጧል፤ ሁለቱንም ጣልኳቸው። ይህ እያደር የሚጥም አይብ አይደለም፤ ትኩስነቱ ነው ዋናው ነገር። አሁን ቀኑን አይቼ በሚበላው ልክ እገዛለሁ፤ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። ከተከፈተ በዚያው ቀን ያልቃል። ከተረፈም ከእሳት የወረደ ትኩስ ፓስታ ላይ አድርጌ አማስለዋለሁ፤ ምርጥ እራት ይሆናል። ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች ደግሞ ወተቱ ፓስቸራይዝድ (ጀርሞቹ እንዲሞቱ የተሞቀ) መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ሳላረጋግጥ አላቀርብላትም።

እህቴን እንደገና ጋበዝኳት። በዚያ ቀን ብዙም አላወራችም። ሳህኑ ላይ የቀረውን ክሬም፣ ዘይትና የቲማቲም ጭማቂ በዳቦ ጠርጋ ጨረሰችው። አሁን ልትመጣ ስትል ከቤቷ ሳትወጣ ትደውልልኛለች፦ «ቡራታውን ከፍሪጅ አወጣሽው?»