8 ላይ የወጣው አምስተኛ ቀለም

ጥያቄው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ድፍን ቁጥሮችን በሙሉ ቀለም እንቀባለን፤ ልዩነታቸው ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7…) የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ግን አንድ ዓይነት ቀለም አይቀቡም። ቢያንስ ስንት ቀለም ያስፈልጋል?

እኔ የሮጥኩት ወደ ኮምፒውተር ነው። ከ0 ተነስቶ ለእያንዳንዱ ቁጥር ያልተከለከለበትን የመጀመሪያ ቀለም የሚሰጥ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። 0 እና 1 አንደኛውን ቀለም ወሰዱ፣ 2 እና 3 ሁለተኛውን፣ 4 እና 5 ሦስተኛውን፣ 6 እና 7 አራተኛውን። 8 ላይ ሲደርስ ተያዘ፦ ከ6 በ2፣ ከ5 በ3፣ ከ3 በ5፣ ከ1 በ7 ይርቃል። አራቱም ቀለሞች ተዘጉበትና አምስተኛ ወጣ። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውምና ቀለሙም ማለቂያ አይኖረውም ብዬ ደመደምኩ፤ ይህንኑ አረጋግጣለሁ ስል ብዙ ቀን ባከነብኝ።

ፕሮግራሜ ያገኘውን እየወሰደ የሚሄድ፣ ነገን የማያስብ ነበር። አምስት ቀለም ተጠቀመ ማለት አራት አይበቃም ማለት አይደለም፤ ይህን ለራሴ ሳልጠይቅ ነው የሮጥኩት። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ እያንዳንዱን ቁጥር ለ4 ሲካፈል በሚተርፈው ቀሪ ቅባው። የአንድ ቀለም ቁጥሮች ልዩነት የ4 ብዜት ይሆናል፤ የ4 ብዜት ደግሞ መቼም ብቸኛ አይሆንም። አለቀ። ትንሽ አፈርኩ።

ሦስትስ? አሁን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወረቀት ያዝኩ። 0፣ 2 እና 5 እርስ በርስ የተከለከሉ ናቸው፤ 0፣ 3 እና 5ም እንዲሁ። ስለዚህ ሦስት ቀለም ብቻ ካለ 2 እና 3 አንድ ቀለም ይሆናሉ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስንሄድ በ1 እና በ6 ምክንያት 3 እና 4ም አንድ ይሆናሉ። እንግዲህ 2 እና 4 አንድ ቀለም ሊሆኑ ነው፤ ልዩነታቸው ግን 2! ሰባት ቁጥሮች በቁ፤ 7፣ 11 እና ሌሎቹ ምንም ሥራ አልነበራቸውም። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኤግልተን፣ ኤርዲሽ እና ስኪልተን መልሱ 4 መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትመውታል።

በኋላ ሰባቱን ቁጥሮች በነጥብ ሣልኳቸው፤ ልዩነታቸው ብቸኛ የሆኑትን በመስመር ሳያይዝ 11 መስመር ወጣ። ቅርጹን አውቀዋለሁ! ወንድማማቾቹ የሒሳብ ሊቃውንት ሊዮ እና ዊልያም ሞዘር እ.ኤ.አ. በ1961፣ አንድ አሃድ የሚራራቁ የጠለል (የዝርግ ገጽ) ነጥቦችን ለመለየት ሦስት ቀለም እንደማይበቃ ያሳዩበት ሥዕል ነው። ነጥብ በነጥብ አገጣጠምኩት፦ በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሮምበሶች (አራቱም ጎኖቻቸው እኩል የሆኑ ቅርጾች) የሚጋሩት ጫፍ 3 ሆነ፤ ከእሱ ትይዩ ያሉትን ሁለት ጫፎች የሚያያይዘው መስመር ደግሞ ያው ከ2 ወደ 4 የሚሄደው።