የዓሣ ነባሪ ወንድና ሴት ስቆጥር የተማርኩት

የመመረቂያ ሥራዬ ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። ዓሣ ነባሪ ሲወለድ ወንዱና ሴቱ እኩል ነው ወይ? ካደገ በኋላስ? መረጃው ደግሞ ሞልቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አዳኝ መርከቦች የገደሉትን በየቀኑ ይመዘግቡ ነበር፦ ቀን፣ ቦታ፣ ዝርያ፣ ርዝመት፣ ጾታ፤ ሴቷ እርጉዝ ከሆነች የፅንሱም ርዝመትና ጾታ። እንዲህ ያለችው አንዲት መስመር የሞተች እናትና ያልተወለደ ልጇ ናት። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ከብዶኝ ነበር፣ አሁንም ለምጄዋለሁ አልልም።

ሁሉንም ደምሬ ማካፈል ጀመርኩ። የአንታርክቲክ ስፐርም ዓሣ ነባሪ ላይ ስደርስ ወንድ በወንድ ሆነብኝ። ሴቶቹ አልቀዋል ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። አማካሪዬ አነበቡትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሴቶቹ መጀመሪያስ እዚያ ይደርሳሉ?» አይደርሱም። ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ይቀራሉ፤ እስከ በረዶው ጫፍ የሚዘልቁት ያደጉ ወንዶች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አዳኙን ራሱን ማጥናት ያዝኩ። በፊንና በሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ አዳኝ ደግሞ ትልቅ ይወዳል። በሌላ በኩል ግልገል ያስከተለች እናት መግደል ክልክል ስለነበር የሚያጠቡት ከመዝገቡ ይጎድላሉ።

ፅንስን ግን ማንም መርጦ አይገድልም። ማኅፀን ውስጥ ያለው ወንድ ይሁን ሴት ተኳሹ ከየት ያውቃል? ለዚህ ነው ወደ ፅንሶቹ የዞርኩት፤ የትልልቆቹ ዝርያዎች ቁጥርም ወደ ግማሽ በግማሽ ይጠጋል። እዚህም ተሳስቼ ነበር። በርዝመት ስከፋፍላቸው ከትንንሾቹ መካከል ወንዱ በዛብኝ፣ ወንዶቹ ማኅፀን ውስጥ ቶሎ ይሞታሉ የሚል ሐሳብም ገነባሁ። ለካ ፅንሱ ገና ጥቂት ሴንቲሜትር ሳለ የሁለቱ ብልት በዓይን አይለይም፤ ሴቷም «ወንድ» ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ትንንሾቹን አወጣኋቸው።

የሶቪየት መርከቦችን መዝገብም ለብቻው አስቀመጥኩት። ለዓመታት የተጭበረበረ ሪፖርት ሲልኩ እንደነበር በ1990ዎቹ ታውቋል።

ሌላው የናሙና ብዛት ነው። እውነተኛው ምጥጥን 50 በመቶ ሆኖ 100 ፅንስ ብትቆጥሩ፣ በአጋጣሚ ብቻ ከ40 እስከ 60 ወንድ ልታገኙ ትችላላችሁ። 10,000 ስትቆጥሩ ነው ወደ 49 እና 51 የሚጠበው። 45 ወንድ አየሁ ብዬ በደስታ የዘለልኩባቸው ቀናት ነበሩ።

አሁን የምሠራው በሕይወት ካሉት ላይ በቀስት በሚወሰድ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው፤ ጾታው በዲኤንኤ ይለያል። ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ የሚራባበት ውሃ ላይ ስትደርሱ ወንድ በዝቶ ይታያል፣ ምክንያቱም ወንዶቹ እዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። እኔም ናሙናው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ቦታውንና ወሩን ነው፣ ጾታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።