ማህተም ያረፈበት ፒዲኤፍ ለዓይነ ስውር ባዶ ወረቀት ነው

ደብረ ብርሃን ለሚማሩ ዓይነ ስውራን የአማርኛ ማስተማሪያ ጽሑፍ በስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ ፕሮግራም) እንዲነበብ አድርጌ አዘጋጅቻለሁ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ልፋት ይቀርልኝ ነበር።

ቀላሉን ልጨርስ። ርዕሱን ማድመቅ ብቻ አይበቃም፣ ወርድ ላይ «ሄዲንግ» አድርጉት። ሥዕል ካለ ምን እንደሚያሳይ አልት ቴክስት (ከሥዕሉ ጋር ተያይዞ ስክሪን ሪደር የሚያነበው መግለጫ) ላይ ጻፉ። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩ «ሴቭ አዝ» በሉ፤ በ«ፕሪንት» ካወጣችሁት ሁለቱም ይጠፋሉ።

ያንገበገበኝ ፊደሉ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ፋይል ሲታይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ኤንቪዲኤ በሚባለው የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር ሳዳምጠው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ይዘባርቃል። ለካ የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። እነዚህ ፎንቶች የላቲኑን ፊደል የአማርኛ መልክ ያለብሱታል እንጂ ከስር ያለው ያው ላቲን ነው፣ ስክሪን ሪደር ደግሞ የሚያነበው የስሩን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እስከ ዛሬ በድሮው መጻፍ ምን ይባላል? መለወጫ ፕሮግራም አለ፣ ግን የየፎንቱ አቀማመጥ ስለሚለያይ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። የሚያውቅ አላገኘሁም።

ቢሯቸው ሄድኩ። «እኛ ጋ ይነበባል እኮ!» አሉኝ። በዩኒኮድ የተጻፈ ስጡኝ ብል አትመው፣ ማህተም መትተው፣ ስካን አድርገው ላኩልኝ። «ሕጋዊው ይሄ ነው» ተባልኩ። ስካን ፎቶ ነው፣ ውስጡ አንድም ፊደል የለም! ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ስካኑን ቴሰራክት በሚባል ከፎቶ ላይ ፊደል በሚለይ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ሞከርኩ። አማርኛ ይችላል፣ ግን «ሰ»ን «ስ» እያደረገ፣ ሰንጠረዡን እያደበላለቀ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ወረቀቱን ጎኔ አስቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጄ ተየብኩት። ከመንዝ የመጣች ተማሪ ስልኳ ላይ በቶክባክ (በአንድሮይድ ስልክ ስክሪን ሪደር) ከርዕስ ርዕስ እየዘለለች የምትፈልገውን ምዕራፍ ያለማንም እርዳታ ስታገኝ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ፒዲኤፍ ብቻ ነው የምንሰጠው ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ማህተም ያለው ለማህደር ይቀመጥ፣ ለተማሪ የሚሰጠው የወርዱ ፋይል ነው። ከመቀበላችሁ በፊት አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ውሰዱት፤ ከተዘባረቀ ወይም ጭራሽ ኮፒ አልሆን ካለ፣ ከቢሮው ሳትወጡ እዚያው መልሱላቸው።