አልቦና እግር ብረት፤ ከኬረላ የጉዞ ማስታወሻ

ትሪሹር የገባሁት በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መገባደጃ፣ ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው የፑራም በዓል ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሙምባይ፣ ከዚያም እስከ ኮቺ በአውሮፕላን፣ ከኮቺ ወዲህ ደግሞ በኮኮናት ዛፍና በሙዝ ተክል መካከል በሚያልፍ ባቡር ተጉዤ ስደርስ፣ ሙቀቱ ከሰማይም ከምድርም የሚወጣ ይመስል ነበር። የመጣሁት በዓሉን ላደንቅ ሳይሆን አንዲት ሴት ስለ በዓሉ ዝሆኖች በካሜራዋ ያሳየችኝን ነገር ራሴ ደርሼ ላረጋግጥ ነው። ለረጅም ዓመታት በሬዲዮ ስለሠራሁ ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን አምናለሁ፤ ስለዚህም ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ በፊት የገባው የድምፅ መቅረጫዬ ነበር።

ኬረላ የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ደሴ ውስጥ ተማሪ ሳለሁ ነው። በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ያስተምሩ ከነበሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከዚህች ከደቡብ ምዕራብ ህንድ ግዛት የመጡ ነበሩ። የባዮሎጂ መምህራችን አንድ ቀን በጠመኔ ዝሆን ሥለው፣ በአገራቸው የቤተ መቅደስ በዓል ሲደርስ ግንባሩ በወርቅ እንደሚሸፈን፣ የአምላካቸውም ምስል በጀርባው ላይ ሆኖ በሐር ጥላ ታጅቦ እንደሚወጣ ነገሩን። ታቦት በድባብ ታጅቦ ሲወጣ እያየን ያደግን ልጆች ስለነበርን ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም። መምህራችን ስለ ዝሆኑ ግንባር ብዙ አወሩን፤ ስለ እግሩ ግን አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ስለ እግሩ የጠየቀችው ሳንጊታ አይየር ናት። በኬረላ ተወልዳ ኑሮዋን በካናዳ ያደረገች፣ ባዮሎጂ ተምራ በጋዜጠኝነትና በፊልም ሥራ የኖረች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የአባቷን ሙት ዓመት ለማሰብ ወደ ትውልድ አገሯ ተመልሳ ሳለ በየቤተ መቅደሱ ያየቻቸው ዝሆኖች ሰንሰለት የበላው ቁርጭምጭሚትና ያልታከመ ቁስል ነበራቸውና ያየችውን መቅረጽ ጀመረች። ከዚያ የተወለደው፣ ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «አማልክት በእግር ብረት» የሚሆነው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ቀረበ። በዚያው ዓመት ለእስያ ዝሆኖች የሚሟገት ድርጅት አቋቋመች፤ በተከታዩ ዓመት መጋቢት ላይም የህንድ መንግሥት ለሴቶች የሚሰጠውን የናሪ ሻክቲ ሽልማት ከፕሬዚዳንት ፕራናብ ሙከርጂ እጅ ተቀበለች።

እኔን ከአዲስ አበባ ያስነሳኝ ግን ሽልማቱ ሳይሆን እሷ የተናገረችው አንድ የልጅነት ትዝታ ነው። አያቶቿ ይወስዷት በነበረው ቤተ መቅደስ አንድ የታሰረ ወንድ ዝሆን ነበረ፤ ሕፃኗም፣ ዝሆኑ እግሩ ላይ ሰንሰለት ሲኖረው እኔ ለምን የለኝም ብላ አያቷን ጠየቀች። አያቷም የብር አልቦ ገዝተው አደረጉላት፤ ልጅቱም ደስ አላት። ማናችንም አያት የምናውቀው፣ ፍቅር የሞላበት መልስ ነው። የዝሆኑ ሰንሰለት ግን በቦታው ቀረ፤ ጥያቄውም አብሮት ቀረ። ይህች ሴት ካደገች በኋላ ሃይማኖቷንና ባህሏን ከሚያከብሩ ወገኖቿ ፊት ቆማ ጥያቄውን እንደገና ስታነሳ ከውጭ የመጣች ነቃፊ አይደለችም፤ የዚያው ቤት ልጅ ናት። በዓሉን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቅ ሰው ስትናገር የበለጠ የሚያሳምነኝም፣ ለእሷ የበለጠ የሚከብዳትም ይህ ይመስለኛል።

የፑራም ዕለት ቫዳኩናታን የተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ያለበትን ሰፊ ሜዳ የከበበው ሕዝብ ዳርቻ አልነበረውም። በዓሉን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኮቺ ገዥ የነበሩት ሳክታን ታምፑራን እንደ መሠረቱት ይነገራል። ፓራሜካቩና ቲሩቫምባዲ የተባሉት ሁለቱ ተፎካካሪ ቤተ መቅደሶች እያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ዝሆን ያሰልፋሉ፤ ሠላሳው ዝሆን ፊት ለፊት ሲቆም በጀርባቸው ላይ ያሉት ሰዎች የሐር ጥላዎቹን በየቅጽበቱ በሌላ ቀለም ይለዋውጣሉ፣ የጣዎስ ላባ ማራገቢያና ነጭ ጭራ በአንድነት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቼንዳ የሚባለው ከበሮም ከሁለት መቶ በላይ በሆኑ ሙዚቀኞች እየታጀበ ደረትን እስኪያንቀጠቅጥ ይመታል። አልዋሽም፤ ዕንባዬ መጣ። የቃና ዘገሊላ ዕለት ሚካኤል ሲገባ የሚሰማኝ ዓይነት ስሜት ነበር፤ ሕዝብ በአንድ ልብ ደስ ሲለው የማያውቁት ቋንቋ እንኳ ይገባል።

ሕዝቡ ሁሉ ግንባራቸውን የሸፈነውን ወርቃማ ጌጥ ያያል፤ እኔም አየሁ። ወደ እግራቸው ልመለከት ሞከርኩ፤ በቆምኩበት በኩል ግን በሰው ተጋርዶ አይታይም ነበር። የሚታየኝ ጆሮአቸው ብቻ ነበር፤ ያለ ማቋረጥ ይራገባል። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ዝሆኑ በከበሮው ምት እየተደሰተ ነው ሲሉ አስተርጓሚዬ ነገረኝ። ዝሆን ግን ከጥፍሮቹ ዙሪያ በስተቀር የላብ ዕጢ የለውም፤ ደሙን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት ጆሮውን በማራገብ ነው፣ በጫካ ውስጥ ቢሆን በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር ወይም ጭቃ ውስጥ ይሆን ነበር። እኛ የማንሰማውን ዝቅተኛ ድምፅ ጭምር ይሰማል፤ የምድርንም ንዝረት በውስጥ እግሩ ያውቃል። እኔ በጥጥ የተደፈነ ጆሮ ይዤ መቋቋም ያቃተኝን ነጎድጓድ እሱ በጆሮውም በእግሩም ይቀበለዋል።

የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በበዓል ላይ የሚቆሙ ዝሆኖች እርስ በርሳቸው ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከሕዝቡና ከከበሮው ደግሞ 8 ሜትር እንዲራራቁ አዝዞ ነበር፤ ነገር ግን የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀጣዩ ወር ትእዛዙን አገደው። በሦስት ሜትር ላይ ይህን ያህል ክርክር መነሣቱ ለውጭ ሰው ሊያስገርም ይችላል፤ የሰልፉን ጥግግት ላየ ግን፣ ሦስት ሜትር ማለት በዓሉን እንደገና መሥራት ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚዬ ወደ አንድ የገጠር ቤተ መቅደስ ወሰደኝ፤ ስሙን አልጠቅስም፣ የዝሆኑንም ባለቤት እንዲሁ። በኬረላ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው የበዓል ወራት የግል ባለሀብቶች ዝሆኖቻቸውን ለየቤተ መቅደሱ ያከራያሉ፤ ይህም በጭነት መኪና ተጭኖ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ የኪራይ ዝሆን ነበር። እዚህ ሕዝብ ስላልበዛ እግሩ ይታያል። ከፊት እግሩ አንዱ፣ ከኋላውም አንዱ በወፍራም ሰንሰለት ታስሯል፤ ከሰንሰለቱ ሥር ያለው ቆዳ ተልጦ ቀይ ሆኗል፣ ዙሪያውም ጥቁር ነገር ተቀብቶ ከሩቅ እንዳይለይ ተደርጓል። ሲሚንቶ ላይ፣ በገዛ ሽንቱና እበቱ ውስጥ ለሰዓታት ስለሚቆም ጥፍሮቹ ተሰነጣጥቀዋል። በቀን እስከ 150 ኪሎ የሚደርስ ልዩ ልዩ ቅጠል፣ ሣርና ቅርፊት እየለቀመ ብዙ ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ የተፈጠረ እንስሳ ፊቱ የተከመረለት አንድ ዓይነት የዘንባባ ቅጠል ብቻ ነበር። ቆሞ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ይህንንም ጭፈራ የሚሉት አሉ።

ጠባቂውን ለማውገዝ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። በማላያላም ቋንቋ ጠባቂው «ፓፓን» ይባላል፤ ለአንድ ዝሆን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ይመደባሉ። ወጣቱ አስተርጓሚዬ «ቼታ» እያለ ያነጋግረው ነበር፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው፤ እኔን ደግሞ «ቼቺ» ይለኝ ነበር፣ እትዬ እንደማለት። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ያረጀ፣ አንድ ክንዱ ተሰብሮ በጠማማው የዳነ ሰው ነበር። ሌሊት ከዝሆኑ አጠገብ መሬት ላይ እንደሚተኛ፣ ሙያውን ያስተማሩትን ሰው ዝሆን እንደገደላቸው፣ እሱም ዝሆኑ መፍራቱን ካቆመ በሕይወት እንደማይቆይ ነገረኝ። በእጁ የያዘውን ጫፈ ቆልማማ ብረት ሲያሳየኝ አላፈረም፣ አልኮራምም። በዚህ ሥራ የሚያተርፈው ሌላ ነው፤ ጠባቂውና ዝሆኑ ግን አብረው ነው የሚጎዱት።

ከዚያ በተራው ጠየቀኝ፤ በእናንተ አገር ዝሆን አለ ወይ አለኝ። በባቢሌም በሌሎች ቦታዎችም እንዳለ፣ ቁጥሩ ግን እየተመናመነ እንደሄደ፣ በቤትም እንደማይታሰር ነገርኩት። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን ያየው ነጋዴው ኮስማስ እንኳ ኢትዮጵያውያን ዝሆን መግራት ልማዳቸው እንዳልሆነ፣ ንጉሡ ለትርኢት አንድ ሁለት ግልገል ቢያሳድጉ እንጂ ሌላ እንደሌለ ጽፏል። ሰውየውን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። ታዲያ ማን ያበላቸዋል ብሎ ጠየቀኝ። ራሳቸው እየተዘዋወሩ እንደሚበሉ ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና ዝሆኑን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያም ተነሥቶ ውኃ አመጣለት።

ወንድ ዝሆን በየዓመቱ ገደማ «መስት» የሚባል ወቅት ይመጣበታል። በዓይኑና በጆሮው መካከል ካለው ዕጢ ቅባት መሰል ፈሳሽ ይወርዳል፣ የወንድነት ሆርሞኑ እጅግ ይጨምራል፣ የለመደውን ሰው እንኳ አያውቅም። በጫካ ቢሆን ሴት ፍለጋ ይሄድ ነበር፤ እዚህ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ ይታሰራል። ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ «ኬቲያዚካል» የሚባለው ይከተላል፤ ቃሉ አስሮ መፍታት ማለት ነው። ዝሆኑ የረሳውን ፍርሃት እንዲያስታውስ በሰንሰለት እንደተወጠረ በብዙ ሰው ዱላ ይደበደባል። ይህን የሳንጊታ ፊልም ስላሳየ፣ ሳያውቁ የኖሩ ብዙ የኬረላ ተወላጆችም አይተውታል። ቴቺኮቱካቩ ራማቻንድራን የተባለው፣ በኬረላ እንደ ፊልም ተዋናይ አድናቂዎች ያሉት ግዙፍ ዝሆንም በፊልሙ ውስጥ አለ፤ አንድ ዓይኑ የማያይለት ሲሆን በዘመኑ ከአሥር በላይ ሰዎችን ገድሏል፣ ይሁንና ወደ በዓል መውጣቱ አልቀረም። የእሱን ፎቶ የለጠፈ ባለ ሦስት እግር ታክሲ በትሪሹር መንገድ ላይ ብዙ አይቻለሁ። ሳንጊታ ግን አብልጣ የምታነሣት ላክሽሚ የተባለችውን ሴት ዝሆን ነው፤ ይህች የወደደቻት ዝሆን ምግብ ወስዳ በመብላቷ ከጠባቂዋ በደረሰባት ምት አንድ ዓይኗን እንዳጣች ተናግራለች።

ከመመለሴ በፊት ኢሪንጃዳፒሊ ወደሚባለው የክሪሽና ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ይህ በትሪሹር አውራጃ ያለ ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ሕያው ዝሆን ላለማቆምና ላለመከራየት ወስኖ በምትኩ ራማን የተባለ ሰው ሠራሽ ዝሆን ተቀብሏል። ቁመቱ ከሦስት ሜትር በላይ፣ ክብደቱ 800 ኪሎ ገደማ ነው፤ ራሱ፣ ዓይኑ፣ ጆሮውና ጭራው በኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳሉ። እውነቱን ለመናገር ስሄድ ልቤ አልፈቀደውም ነበር፤ የእምነት ሥርዓት በሞተር ሲተካ ማየት እንደ እኔ በሥርዓት ውስጥ ላደገ ሰው ይከብዳል። ነገር ግን አንዲት አሮጊት መጥተው ጫማቸውን አውልቀው፣ በሕያው ዝሆን ፊት ሲያደርጉ እንዳየኋቸው ሰዎች እጃቸውን አጋጥመው ቆሙ፤ የጸለዩት በላዩ ለሚወጣው ምስል እንጂ ለተሸከመው አካል አልነበረም። ከዚያም የልጅ ልጃቸው በራማን ሆድ ሥር አልፋ ወዲያ ማዶ ወጣች፤ ማንም ደንግጦ አልጮኸባትም።

በኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ አምስት ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረብኝና የቀዳሁትን ድምፅ ማዳመጫ አድርጌ ከመጀመሪያው ሰማሁት። የፑራም ከበሮ እጅግ ጠንክሮ ስለተቀዳ መጥፎ ሆኗል። የገጠሩ ቤተ መቅደስ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከበሮው ጋብ ባለበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ በዝሆኑ ዙሪያ ትሮጥ እንደነበር አስታወስኩ፣ የኬረላ ልጃገረዶች የሚያደርጉት ቃጭል ያለው የብር አልቦ በእግሮቿ ላይ ነበር። ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማል፣ ወዲያው ደግሞ ዝሆኑ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ሌላ የብረት ድምፅ ይሰማል። ወደ ኋላ መልሼ ደጋግሜ አዳመጥኩት። የልጅቱ ድምፅ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ደግሞ ይርቃል፤ ሁለተኛው ድምፅ ካለበት ቦታ አይነቃነቅም።